ከቆላ ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ የቱ ይሻላል?

እህቴ ከዱባይ የገባችው ታኅሣሥ ውስጥ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። ትንሿን ሻንጣ አንጠልጥላ ቀደመችኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስባት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ቆይ እስቲ... ቆይ» ትላለች። «ዱባይ በሊፍት አሰነፈችሽ» ብዬ ሳቅሁባት።

ጠዋት ራሷን ወጥሮ ያዛት። እናቴ ግንባሯን ዳሰሰችና «ምች ነው» አለች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ንጹሕ አየር ነው የቸገራት፣ እንጦጦ እንውሰዳት» ብሎ መኪናውን አስነሳ። ወሰድናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንመለስ ሽሮ ሜዳ መኪና አስቁማ አስመለሳት። ከፍታ ያመመውን ሰው ይዘን ይባስ ሽቅብ ወጣን ማለት ነው። ያኔ አልገባንም።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ብዙ ቆለኛ እንግዳ ተቀብሏል። ከጅቡቲ፣ ከጂዳ፣ ከሰመራ፣ ከጋምቤላ። አንዱ ሦስት ቀን ይተኛል፣ ሌላው በማግስቱ መርካቶ ወርዶ ይገበያያል። ሳየው ሳየው የተረዳሁት ነገር ይህ ነው፦ የአዲስ አበባ ከፍታ ብቻውን ብዙ ሰው አይጥልም። የሚጥለው የመጀመሪያው ቀን ላይ እኛው የምንከምርበት ነው። ዳገቱ፣ ጠጁ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐኪም ያልተጠየቀበት ኪኒን። ስለዚህ እንግዳም ሁኑ ተቀባይ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ምርጫዎች እያነጻጸርን እንያቸው።

መጀመሪያ፣ ምን ያህል ከፍ ብለናል?

የከተማው መሃል፣ መስቀል አደባባይ ዙሪያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። ዱባይ፣ ጂዳና ጅቡቲ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ናቸው። ሰመራና ጋምቤላ 500 ሜትር አካባቢ ናቸው። ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ነች። አዲስ አበባ የወይና ደጋና የደጋ ድንበር ላይ ተቀምጣለች።

ብዙ ሰው «እዚያ ላይ ኦክስጅን የለም» ይላል። ኦክስጅንማ አለ። አየር ውስጥ ያለው ድርሻ የትም 21 ከመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በዚህ ምክንያት በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከምናስገባው ሩብ ያህል ያንሳል። ይህንኑ ነገር ማድ ቤት ውስጥ ታዩታላችሁ። እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። እህቴ «የእናንተ ሽንብራ አይበስልም እንዴ?» ያለችው ለዚህ ነው። ሽንብራውም እሷም የተቸገሩት በአንድ ምክንያት ነው።

እግረ መንገዴን፦ እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሎምፒክ ሜክሲኮ ከተማ ሲደረግ ከቆላ የመጡ ሯጮች በከፍታው ተቸግረው ነበር። ከፍታው 2,240 ሜትር ነበር። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። የእኛው ሜክሲኮ አደባባይ ከዋናው ሜክሲኮ ከፍ እንደሚል ሳስብ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

የከፍታ ሕመም በአብዛኛው የሚታየው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ቶሎ የሚሰማቸው ሰዎች ግን ከ2,000 ጀምሮ ይይዛቸዋል። አዲስ አበባ ጠርዙ ላይ ነች ማለት ነው። ዋናው ምልክቱ ራስ ምታት ነው። ከሱ ጋር ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማዞር፣ ድካም፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ ይመጣል። ልብ በሉ፣ ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ማጠሩ ወዲያው ነው። ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ከገባችሁ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚጀምረው። ለዚህ ነው ሰው ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት ታሞ የሚነሳው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል።

«እኔ ሐበሻ ነኝ፣ ደገኛ ደም አለኝ፣ አይነካኝም» የሚል አይጠፋም። ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሰሜን ተራራ ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ ነበር። የሄሞግሎቢናቸውም (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ሆነ የደማቸው ኦክስጅን መጠን ቆላ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የተለየ አልነበረም። የሚገርም ነው። ግን እነሱ እዚያው ተወልደው እዚያው የሚኖሩ ናቸው። አሥር ዓመት ጂዳ ኖሮ የመጣ ሰው አያቱ መንዜ ስለሆኑ ብቻ የአራተኛ ፎቅ ደረጃ አይምረውም። ጂም መሥራትም አይከላከልም። እንዲያውም በጉልበታቸው የሚተማመኑት ናቸው የመጀመሪያው ቀን ላይ ሮጠው የሚወድቁት።

በአንድ ጊዜ መግባት ወይስ አዳማ አድሮ መምጣት?

በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው በአራት ሰዓት ውስጥ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ይወጣል። በመኪና ከድሬዳዋ ወይም ከጅቡቲ የሚመጣው ደግሞ መሃል ላይ የማደር ዕድል አለው። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ነች። ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ።

ለጤነኛ ሰው ፍርዴ አጭር ነው፦ ዝም ብላችሁ ግቡ። ከፍታው ይህን ያህል አይደለም። መሃል ላይ ማደር የሚጠቅመው ለሌሎች ነው። ከዚህ በፊት አዲስ አበባ ገብቶ ክፉኛ የታመመ ሰው፣ ዕድሜያቸው የገፋና ሳንባቸው ወይም ልባቸው የሚያስቸግራቸው ሰዎች። ለእነሱ አንድ ሁለት ሌሊት አዳማ ማደር ከማንኛውም ኪኒን ይበልጣል። ቦሌ አርፎ እንደገና ቁልቁል ቢሾፍቱ ሄዶ ማደር እብደት ይመስላል። ግን የፍጥነት መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ሩቅ አይደለም። ጎረቤቴ ለአማቷ እንዲህ አድርጋለች። አማቷ ሁለት ሌሊት የባቦጋያን ሐይቅ ሲያዩ ቆይተው ነው ልደታ የደረሱት።

በዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ነገር አለ። «ባቡሩ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ሰውነት ይለምዳል» ይባላል። አይለምድም። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው በሌሊት ቁጥር ነው። በባቡር ወይም በአውቶቡስ አንድ ቀን ተቀምጦ መውጣት ብዙም ለውጥ አያመጣም። መሃል ላይ ወርዶ መተኛት ነው ቁም ነገሩ።

ቦሌ፣ ፒያሳ ወይስ ሽሮ ሜዳ?

ከተማዋ ከአቃቂ ተነስታ ወደ እንጦጦ እያዘነበለች ነው የምትወጣው። ሆኖም ቦሌና ስታዲየም ከፒያሳ ዝቅ ይላሉ ብሎ ሆቴል መቀየር ከንቱ ድካም ነው። መሃል ከተማ ውስጥ ያለው ልዩነት ሰውነታችሁ የሚቆጥረው ዓይነት አይደለም። ሽሮ ሜዳና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ነገሩ የሚለወጠው። እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ያለ ማረፊያ ውብ ነው፤ ለመጀመሪያ ሌሊት ግን አይሆንም።

ከሰፈር ይልቅ የምትጠይቁት ፎቅ ነው። «ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍት አለው? ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለው?» ዘመድ ቤት የምታርፉ ከሆነም ቢቻል የምድር ቤት ያለው ዘመድ ይመረጥ። ይህን ስጽፍ ራሴን እየከሰስኩ ነው። እህቴ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ መጀመሪያ አክስቴ ግቢ ነው ያረፈችው። ማንም አልተቀየመም። ትንሽ ብቻ ነው የተቀየምኩት።

መተኛት፣ መንሸራሸር ወይስ እንጦጦ?

ቀኑን ሙሉ መተኛት ጥሩ ይመስላል። ሆኖም ቀን የተኛ ሰው ሌሊት ያፈጣል። ከፍታ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ራሱ አስቸጋሪ ነው። እንቅልፍ ይቆራረጣል። አንዳንዱ ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንገት በኃይል ሲጀምር ደንግጦ ይነቃል። እንዲህ ሲሆን ያየ የትዳር ጓደኛ ይጨነቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከፍታው የሚያመጣው ነው፤ ከቀናት በኋላ ይጠፋል።

የኔ ምርጫ ለስላሳ መንሸራሸር ነው። አንድ መመሪያ አለኝ፦ ሽቅብ በታክሲ፣ ቁልቁል በእግር። ቸርችል ጎዳና ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። በታክሲ ፒያሳ ውጡ። የዓድዋ ድል መታሰቢያን ተረጋግታችሁ ጎብኙ። ከዚያ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀምራችሁ ወደ ለገሃር ቁልቁል ተንሸራተቱ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ታች ለገሃር ድረስ ይታያል። ደከመኝ ያለ ሰው የትኛውም ቦታ ላይ ታክሲ ያገኛል። ይህንኑ መንገድ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ከሞከራችሁት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፖስታ ቤት ሳትደርሱ «ሰዓቱ ስንት ነው?» እያላችሁ ለመቆም ሰበብ ትፈልጋላችሁ።

ልጆች ካሉ ብሔራዊ ሙዚየም ይሻላል። ድንቅነሽም ከአፋር ቆላ፣ ከሐዳር የመጣች እንግዳ ነች። ልጆቹን «እሷም አየር ለውጥ አሟት ነው የተኛችው» ብዬ አታልያቸዋለሁ።

እንጦጦስ? ሦስተኛው ቀን ላይ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2020 ከተከፈተ ወዲህ እንግዳ የመጣበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። የባሕር ዛፉ ሽታም፣ ቁልቁል የሚታየው ከተማም ያምራል። ግን ከመሃል ከተማው ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። ራሱን የሚያመው ሰው ይቅርበት። ያላመመውም ቢሆን ወጥቶ፣ አይቶ፣ ታች ወርዶ ይደር።

አንድ ነገር ልጨምር። በኅዳር ለታላቁ ሩጫ ከውጭ የሚመጡ አሉ። ዓርብ ገብቶ እሑድ 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ የተለመደ ነው። የምትሮጡት ለጨዋታ ከሆነ እየተራመዳችሁ ጨርሱት፣ ዘፈኑም ጭፈራውም አብሮ አለ። ሰዓት ለማስመዝገብ ከሆነ ግን አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግቡ። ያም ሆኖ የለመዳችሁትን ሰዓት አትጠብቁ።

ቡና፣ ውሃ፣ ጠጅ

ቡና ጠጡ። «ቡና ያደርቃል፣ ከፍታ ላይ አይጠጣም» የሚባለውን አትስሙ። በየቀኑ ቡና የሚጠጣ ሰው በድንገት ካቆመ በማግስቱ ራሱን ያመዋል። ያ ራስ ምታት ደግሞ ከከፍታው ራስ ምታት አይለይም። ስለዚህ አቦሉም ቶናውም ይሁን። በረካው ማታ ላይ ከሆነ ግን እንቅልፍ ስለሚነሳ እለፉት።

ውሃ በጥማት ልክ ይበቃል። አምስት ሊትር ውሃ መጋት ከፍታን አያባርርም። አየራችን ደረቅ ስለሆነ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደማል። ቫዝሊን ይያዝ። ፀሐዩም ይከብዳል። ብርድ ብርድ እያላችሁ ፊታችሁ ይቃጠላል።

ጠጅ፣ ቢራ፣ አረቄ፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች አይሆንም። አልኮል ሌሊት ትንፋሽን ያዳክማል፣ ጠዋት የሚመጣው ራስ ምታት የማን እንደሆነም አይታወቅም። ይህን መናገር ቀላል ነው። ችግሩ የተቀባዩ ቤት ነው። በር ላይ ሳትደርሱ ጠርሙስ ተከፍቷል። «አንዷን ብቻ፣ በሞቴ» ይላሉ። መድኃኒት ላይ ነኝ በሉ። ይሠራል።

ምግቡም እንደዚሁ ነው። ክትፎው ለሦስተኛው ቀን ይቆይ። ከፍታ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ የሰባ ምግብ ሲጨመር ሆድ ያምጻል። ሾርባ፣ ሽሮ፣ ዳቦ፣ ገንፎ ይስማማል። ተቀባዮች ሆይ፣ ጉርሻውን ቀለል አድርጉት።

ዳማከሴ፣ ፓራሲታሞል ወይስ ዳያሞክስ?

እናቴ ዳማከሴውን መዳፏ ላይ ስታሸው ሽታው ቤቱን ሞላው። ጭማቂውን ቡና ውስጥ ጨመቀችላት፤ የቀረውን ግንባሯና አፍንጫዋ ላይ ቀባቻት። እህቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከፍታን ያድናል ብዬ አልከራከርም። ግን እናት ግንባር ስታሽ ዋጋ የለውም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ዝንጅብል ሻይ ደግሞ ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው። ሁለቱም ከሐኪም ጋር አያጣሉም። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ከፍታን እንደሚከላከሉ አያሳምነኝም፤ ባዶ ሆድ ላይ ደግሞ ያቃጥላሉ።

ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይበቃል። ዳያስፖራው በሻንጣው የሚያመጣው አድቪል አይቡፕሮፌን ነው። አይቡፕሮፌን ትንሽ ይበረታል። ሆኖም ጨጓራ ያለበት ሰው፣ ወይም በጾም ምክንያት ባዶ ሆዱን ያለ ሰው ቢተወው ይሻላል። ጨጓራ የሌለበት ቤት ደግሞ እዚህ አገር አላውቅም። ስለዚህ እኔ ቤት ፓራሲታሞል ነው የሚቀመጠው።

ዳያሞክስ፣ በመድኃኒት ስሙ አሴታዞላማይድ፣ ከሁለቱ የተለየ ነው። ራስ ምታትን ብቻ አይሸፍንም። ኩላሊት ባይካርቦኔት እንዲያስወጣ ያደርጋል፤ በዚህም ሰውነት ፈጠን ብሎ እንዲተነፍስ ይገፋዋል፤ መልመዱን ያፋጥናል ማለት ነው። ለመከላከል የሚታዘዘው የተለመደ መጠን 125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው፤ ከመምጣታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ሽንት ያበዛል። ጣት ይነዘንዛል። ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ጋዙ የወጣ ይመስላል፤ አምቦ ውሃ ከፍታችሁ «ይሄ የተበላሸ ነው» ብላችሁ ከአስተናጋጁ ጋር እንዳትጣሉ።

ያስፈልጋል ወይ? ለአዲስ አበባ ብቻ ለሚመጣ ጤነኛ ሰው አያስፈልግም ባይ ነኝ። ከዚህ በፊት እዚህ ወይም ሌላ ከፍታ ላይ የታመመ፣ ወይም በቀጥታ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ ሳነቴ የሚያልፍ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰው፣ ኩላሊቱን የሚያመው ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም አይንኩት። እዚህ መጥታችሁ ፋርማሲ ለፋርማሲ ከምትዞሩ ከምትነሱበት አገር አሳዝዛችሁ ያዙ።

የእንቅልፍ ኪኒንን በተመለከተ አንድ ቃል፦ አይሆንም። ትንፋሽን ስለሚያዳክም የከፍታውን ሌሊት ያከብደዋል።

ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ቤት ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ አለ። እንግዳው ገና ጫማውን ሳያወልቅ ይሰካለታል። ባሕር ዳርቻ 97 ወይም 98 የሚያሳይ ጣት እዚህ 93 ወይም 94 ቢያሳይ አትደንግጡ። ቀዝቃዛ ጣትና የጥፍር ቀለምም ቁጥሩን ያሳስታሉ። ከቁጥሩ ይልቅ ሰውየውን እዩት።

ከፍታ ነው ወይስ ሌላ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የመጀመሪያው ትኩሳት ነው። የከፍታ ሕመም ይህ ነው የሚባል ትኩሳት የለውም። ከጋምቤላ፣ ከአፋር፣ ከመተማ የመጣ ሰው ራሱን ካመመውና ካተኮሰው «አየር ለውጥ ነው» ብላችሁ አታስተኙት። ወባ ሊሆን ይችላል። የዚያኑ ቀን ደሙ ይታይ። ከድሬዳዋ ወይም ከጅቡቲ የመጣ ከሆነ ደግሞ ደንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳትም አለ፤ ለደንጊ አይቡፕሮፌን አደገኛ ስለሆነ ምርመራው እስኪታወቅ ድረስ አትስጡት።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ታኅሣሥ ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል። ከጂዳ የመጣ እንግዳ ይንቀጠቀጣል። አዛኝ ዘመድ ቡናው የተፈላበትን ምድጃ፣ ፍሙ ገና እንደቀላ፣ እንግዳው ወደሚተኛበት ክፍል ያስገባል። በሩ ይዘጋል። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረዳል። ጠዋት እንግዳው ራሱን ይዞ ይነሳል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ያዞረዋል። ሁሉም «ከፍታው ነው» ይላል። የከሰል ጋዝ ምልክቱ ከከፍታ ሕመም ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ይኼኛው በአንድ ሌሊት ይገድላል። ፍም ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። አንድ ክፍል ያደሩት ሁሉ፣ የከተማው ነዋሪም ጭምር፣ አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወይም ውጭ ሲወጡ ከቀለላቸው፣ ከፍታውን ተዉትና ከሰሉን ጠርጥሩ። ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡና ሐኪም ቤት ውሰዱ። ለብርዱ ጋቢ ይጨመር፣ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ እግር ስር ይደረግ።

የቀረው ቀላል ነው። ሌሊቱን በአውሮፕላን ሳይተኛ ያደረ ሰው ራሱን ቢያመው ምን ይገርማል? በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተኝቶ ሲነሳ ከለቀቀው አለቀ።

መቼ መውረድ?

ራስ ምታቱ በእረፍትና በፓራሲታሞል የሚቀል ከሆነ እዚሁ ቆዩ። በሁለተኛው ቀን እየባሰ ከሄደ ቁልቁል ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ወርዶ ማደር ጥሩ ምርጫ ነው። ከቢሾፍቱ አዳማ ይሻላል፣ የበለጠ ዝቅ ይላል። ብዙ ጊዜ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ሰውን ይለውጣል።

ሆኖም ሦስት ምልክቶች ከታዩ መንገድ አይመረጥም። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው። ሳይጠጣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ሰው። የሚናገረው የተምታታበት ሰው። እነዚህ በ2,350 ሜትር ላይ በከፍታ ምክንያት መከሰታቸው እምብዛም ነው፤ ለዚህም ነው ሌላ ከባድ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ መሮጥ የሚያስፈልገው። መሃል ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ጥቁር አንበሳም ዘውዲቱም ቅርብ ናቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ሳይመጡ በፊት ሐኪም ማነጋገር ያለባቸውም አሉ። ሳንባቸው ወይም ልባቸው የታመመ፣ ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚወረስ የደም ሕመም ያለባቸው፣ እርግዝናቸው አስጊ ነው የተባሉ።

የመጨረሻው ነገር ብዙዎች የሚረሱት ነው። የለመዳችሁት ከፍታ እንደ ባንክ ተቀማጭ ሆኖ አይቆይላችሁም። ቆላ ወርዳችሁ ጥቂት ሳምንታት ከቆያችሁ ሰውነታችሁ ይረሳዋል። በገና የለመደ ሰው በፋሲካ ሲመለስ እንደ አዲስ ነው። እህቴ ይህን ነግሬያት ትኬት ከመቁረጧ በፊት ሁልጊዜ አንድ መልእክት ትልክልኛለች፦ «ቤት ቀየርሽ ወይስ አሁንም አራተኛ ፎቅ ነሽ?»